ብራንዱ በዛ፣ ጣዕሙ ግን አልበዛም፦ ከላገር ወደ ክራፍት ቢራ በምሥራቅ አዲስ አበባ

ክራፍት ቢራ በአነስተኛ ጠመቃ ቤት፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ ከብዛቱ ይልቅ ለቃናው ታስቦ የሚጠመቅ ቢራ ነው። ለአዲስ አበባ ገና እንግዳ ነው። ከመገናኛ ተነስቶ ጉርድ ሾላንና ሲኤምሲን አልፎ፣ በመሪ በኩል አያት የሚደርሰው መንገድ ግራና ቀኙ ድራፍት ቤት፣ ሥጋ ቤትና ግሮሰሪ ነው። እሑድ ከሰዓት ቁርጡና ጥብሱ ሲቀርብ ጠረጴዛው ላይ የሚደረደረው ጠርሙስ ስሙ ብዙ ነው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ሐበሻ፣ ዋልያ፣ ዳሽን፣ በደሌ፣ ሐረር፣ ሜታ። ቆርኪው ተነስቶ ብርጭቆ ውስጥ ሲቀዳ ግን ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ወርቃማ፣ ጥርት ያለ፣ ምሬቱ ለዘብ ያለ፣ በጣም ቀዝቅዞ የሚጠጣ ላገር ነው። በኢትዮጵያ የቢራ ገበያ እስከ ዛሬ የበዛው ብራንዱ ነው፤ ጣዕሙ ከሞላ ጎደል ባለበት ቆሟል። በዚህ ምክንያት ክራፍት ቢራን የሚቀምስ ሰው ከአንዱ ስም ወደ ሌላው እየተቀያየረ ሲጠጣ ከኖረበት ልማድ ይወጣና ቢራ ምን ምን ሊሆን እንደሚችል እንደ አዲስ መማር ይጀምራል።

ላገር ከ8 እስከ 13 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ዝቅተኛ ሙቀት፣ ወደ ታች በሚዘቅጥ እርሾ የሚፈላ፣ ከዚያም ለሳምንታት በቅዝቃዜ ተኝቶ የሚጠራ ቢራ ነው። ወርቃማው መልኩ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1842 በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ፣ በፒልዝን ከተማ፣ ዮሴፍ ግሮል በተባለ የባቫርያ ጠማቂ እጅ ነው። በ1883 ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን በኮፐንሃገን የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ከአንዲት ሕዋስ ተነስቶ ንጹሕ እርሾ ማራባት ቻለ። ይህ ግኝት ከማቀዝቀዣ ማሽን፣ ከማጣሪያና ከፓስቸራይዜሽን ጋር ሲገናኝ አንድን ቢራ በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ወቅት በአንድ ጣዕም ማምረት ተቻለ። ይህ ትልቅ ሙያ ነው፤ ሊናቅም አይገባም። ላገር ጉድለትን የሚደብቅበት ኃይለኛ ቃና ስለሌለው እርሾው ትንሽ ቢዳከም ወይም ብቅሉ ትንሽ ቢበላሽ ጠጪው ወዲያው ያውቀዋል። ጣዕሙ እየሳሳ የሄደው የዓለም ትልልቅ ፋብሪካዎች ማንንም የማያስከፋ ቢራ መፈለግ ሲጀምሩ ነው። ሆፕስ ከሚባለው ተክል አበባ የሚመጣውን ምሬት ቀነሱ። በብዙ አገር ከብቅሉ ከፊሉን በበቆሎ፣ በሩዝ ወይም በስኳር ተኩ። ቢራውም እንደ በረዶ ቀዝቅዞ እንዲጠጣ ሆነ። ቅዝቃዜ ምላስን ያደነዝዛል፤ ሽታውንም ብርጭቆው ውስጥ አፍኖ ያስቀረዋል።

በኢትዮጵያ የቢራ ፋብሪካ ታሪክ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1922 በአዲስ አበባ በተቋቋመው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ሜታ አቦ በ1960ዎቹ ሰበታ ላይ፣ ሐረር በ1984፣ በደሌ በ1993፣ ዳሽን በ2000 ጎንደር ላይ ተከተሉ። የፈረንሳዩ ካስቴል ቡድን በቢጂአይ በኩል ቅዱስ ጊዮርጊስን የገዛው በ1998 ነው። የገበያው መልክ የተለወጠው ግን በ2011 ሄኒከን ሐረርንና በደሌን በ163 ሚሊዮን ዶላር ሲገዛና በዓመቱ ዲያጆ ሜታን በ225 ሚሊዮን ዶላር ሲወስድ ነው። ከዚያ ወዲህ የቢራ ፉክክር የከተማው ዋና ወሬ ሆነ። ሄኒከን በ2014 ዋልያን አወጣ፤ በ2015 ሐበሻ ከደብረ ብርሃን፣ ራያ ከማይጨው ገበያውን ተቀላቀሉ፤ በ2017 ዘቢዳር ከጉራጌ መጣ። ትልልቆቹ ትንንሾቹን መዋጥ የጀመሩትም ብዙ ሳይቆዩ ነው። ራያና ዘቢዳር በቢጂአይ እጅ ገቡ፤ በ2022 ደግሞ ሜታም ከዲያጆ ወደ ቢጂአይ ዞረ።

በእነዚያ ዓመታት ኩባንያዎቹ የተፎካከሩት በማስታወቂያ፣ በዋጋ፣ በጠርሙስ ቅርጽ፣ በስፖንሰርነትና በቆርኪ ሥር በሚገኝ ሽልማት ነበር። በቃና የተፎካከረ ጥቂት ነው። ምክንያቱን ለማወቅ የፋብሪካውን ሒሳብ ማየት ይበቃል። በዓመት በሚሊዮን የሚቆጠር ሄክቶ ሊትር እንዲያመርት የተተከለ ፋብሪካ ወጪውን የሚመልሰው ታንኩን ሳያቋርጥ በአንድ ዓይነት ቢራ ሲሞላ ነው። ጥቁር ወይም መራራ ቢራ መሞከር ታንክ መያዝ፣ መስመር ማጠብ፣ ለጥቂት ጠጪ የተለየ ብቅል ማስገባት ይጠይቃል። ለአንድ ትልቅ ፋብሪካ ይህ ኪሳራ ነው፤ ለአንድ ትንሽ ጠመቃ ቤት ግን ዋናው ሥራው እሱ ነው።

ከወርቃማው ላገር ያፈነገጡ ቢራዎች ፈጽሞ አልጠፉም። የሐረር ፋብሪካ ሐኪም ስታውት ለዓመታት ጥቁር ቢራ ለሚወድ ሰው መሸሸጊያ ሆኖ ቆይቷል፤ ቢጂአይም ቅዱስ ጊዮርጊስ አምበር የተባለ ቀላ ያለ ቢራ አውጥቷል። ከሁሉም በላይ ሊጠቀስ የሚገባው ግን ከፋብሪካ የወጣ አይደለም። ከሲኤምሲ ብዙም በማይርቀው ቦሌ፣ ቢር ጋርደን የተባለው ቤት በጀርመን ወግ የራሱን ቢራ እዚያው ጠምቆ አቀረበ። ጋርደን ብሮይ በሚል ስም የቀረቡት ሁለት ናቸው፤ ብሎንዲ ወርቃማው፣ ኢቦኒ ጥቁሩ። ሁለቱም ያልተጣሩ ናቸው።

ለላገር ጠጪ የመጀመሪያው ግርታ የሚመጣው ከዚሁ ካለመጣራት ነው። ብሎንዲ ሲቀዳ በብርጭቆው ማዶ ያለ ሰው ፊት በጉልህ አይታይም፤ እርሾና የገብስ ፕሮቲን ስለቀረበት ደመናማ ነው። በጠርሙስ ጥራት የለመደ ዓይን ይህን ብልሽት ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። ሲቀመስ ግን የዳቦ ሊጥ ሽታ አለው፤ አፍ ውስጥ ወፈር ይላል፣ አረፋውም ቶሎ አይረግፍም። ኢቦኒ ደግሞ የተቆላ እህል ያሸታል፤ የዳቦ ቅርፊትና የተቃጠለ ስኳር ቃና አለው፣ ወደ መጨረሻ ላይ የቡና ዓይነት ምሬት ይተዋል። ከዚህ በኋላ ያው ሰው ወደ ሰፈሩ ድራፍት ቤት ተመልሶ አንድ ጃምቦ ሲያዝ ድሮ ያላስተዋለውን ያስተውላል። ቢራው አልተበላሸም፤ ቀድሞ በቅዝቃዜና በጋዝ ተሸፍኖ የኖረው የጣዕሙ ጥበት ነው የታየው።

የክራፍት ቢራ ስፋት የሚመነጨው ከሦስት ነገር ነው፤ ከብቅሉ፣ ከሆፕሱና ከእርሾው። ብቅል ከቀላል መድረቅ እስከ ጥቁር መቆላት ድረስ ብዙ ደረጃ አለው፤ በእያንዳንዱ ደረጃ የብስኩት፣ የማር፣ የተቆላ ለውዝ፣ የቸኮሌት ወይም የቡና ቃና ይሰጣል። ጀበና ሲጣድ እያየ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያሻውም፤ የቡናው አቆላል ጣዕሙን እንዴት እንደሚለውጥ በአፍንጫው ያውቃል። ሆፕስ ሲቀቀል ምሬት ይሰጣል፤ መጨረሻ ላይ ወይም ከመፍላቱ በኋላ ሲጨመር ደግሞ የሎሚ፣ የማንጎ፣ የጥድ ሽታ ይለቃል። አይፒኤ የሚባለው ቢራ ዝናው የቆመው በዚህ ላይ ነው። በዓለም አቀፉ የምሬት መለኪያ የፋብሪካ ላገር አብዛኛውን ጊዜ ከ20 በታች ሲሆን አይፒኤ ከ40 እስከ 70 ይደርሳል። ከላገር በቀጥታ ወደ አይፒኤ የሚዘል ሰው ፊቱን ቢያጨፈግግ አይገርምም። በስንዴ ቢራ ወይም በአምበር ጀምሮ ወደ ጥቁሩ፣ ከዚያ ወደ መራራው መሄድ ይሻላል። የሙቀቱም ነገር መታሰብ አለበት፤ ስታውትና አይፒኤ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ሲሆኑ ነው ሽታቸው የሚከፈተው። ጥንካሬያቸውም ይለያያል። 7 በመቶ አልኮል ያለውን አይፒኤ እንደ ድራፍት በጃምቦ እየደጋገሙ መጠጣት ለጤናም ለመንገድም አደጋ ነው። በብዙ አገር ጠንካራ ክራፍት ቢራ በትንሽ ብርጭቆ፣ ቀስ ተብሎ፣ ከምግብ ጋር የሚጠጣበት ምክንያት ይኸው ነው።

እነዚህ ሁሉ ቃናዎች ለኢትዮጵያዊ ምላስ ባዕድ ናቸው ማለት ግን ስሕተት ነው። የጠላ ቤት አሠራር ከላገር ፋብሪካው ይልቅ ለክራፍት ጠመቃ ይቀርባል። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ጭስ ይታጠናል፤ የጌሾ ቅጠል ተወቅጦ ከውኃ ጋር ይጠነሰሳል፤ ቀጥሎ ብቅሉና የተጋገረው ቂጣ ይገባሉ፤ አሻሮው ሲጨመር ድፍድፉ መልክ ይይዛል። የጠላው ጥቁረት የሚወሰነው በእህሉ መቆላት ነው፤ የስታውትም እንዲሁ። የወይራው ጭስ ያሳደረው ቃና ከጀርመኗ ባምበርግ ከተማ የጭስ ቢራ ጋር ይመሳሰላል፤ እዚያ ብቅሉ በቢች እንጨት ጭስ ይደርቃል። የጠላ ኮምጣጣነት የላክቲክ ባክቴሪያ ሥራ ነው፤ የቤልጅጉ ላምቢክም በዚሁ መንገድ ይኮመጥጣል። ጉሹ፣ ፊልተሩ፣ ቅራሪው ለየራሳቸው ጠጪ፣ ለየራሳቸው ሰዓት የሚሆኑ ደረጃዎች ናቸው። ጠላን ከላገር የሚለየው ዋናው ድክመት ወጥነት ማጣቱ ነው። ዛሬ የጣፈጠው ነገ ሊኮመጥጥ ይችላል፤ የአልኮሉ መጠንም አይታወቅም። ክራፍት ጠመቃ ከፋብሪካው ልኬትንና ንጽሕናን፣ ከጠላ ቤቱ የጣዕም ነጻነትን የሚወስድ ሙያ ነው ቢባል አያሳፍርም። ይህ ሲታይ በኢትዮጵያ ከማንም ቀድሞ ሊያድግ የሚገባው ነበር።

የአዲስ አበባ ተፈጥሮም ለዚህ ሥራ የሚመች ነው። ኤይል የሚባለው የቢራ ወገን፣ ማለትም አይፒኤው፣ ስታውቱና አብዛኛው የስንዴ ቢራ፣ ከ15 እስከ 24 ዲግሪ ባለው ሙቀት የሚፈላ እርሾ ይጠቀማል። ሲኤምሲ ውስጥ ፀሐይ የማያገኘው ክፍል ዓመቱን ሙሉ በዚህ ክልል ውስጥ ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ላገር ለመጥመቅ ከባድ ማቀዝቀዣ ያስፈልጋል፣ ሳምንታትም ይፈጃል፤ ኤይል ግን በሁለትና በሦስት ሳምንት ይደርሳል፣ ኃይልም ብዙ አይፈጅም። አገሪቱ ከወረሰችው የቢራ ዓይነት ይልቅ ላልተሞከረው የምትመች መሆኗ ብዙ ጊዜ አይነገርም።

ከፍታው በበኩሉ የራሱን ግብር ይጠይቃል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ውኃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። የሆፕስ ምሬት የሚወጣው በመቀቀል ስለሆነ፣ ከ100 ዲግሪ በታች ሥራው በግልጽ ይዘገያል። ከባሕር ጠረፍ ከተማ የመጣ የአሠራር መመሪያ እዚህ እንዳለ ቢወሰድ ቢራው ለስልሶ ይወጣል፤ ጠማቂው ወይ ሆፕሱን መጨመር ወይ መቀቀያ ሰዓቱን ማርዘም ይኖርበታል። ድራፍት ሲቀዳም ልዩነቱ ይታያል። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ በመሆኑ ቢራው ከቧንቧው እንደወጣ ጋዙ ቶሎ ይለቃል፤ ብርጭቆው ግማሽ በግማሽ አረፋ ይሆናል። ጥሩ ቀጂ ብርጭቆውን አዘንብሎ፣ ቧንቧውን በአንድ ጊዜ ከፍቶ፣ ግፊቱን አስተካክሎ ነው የሚያሸንፈው። የሰፈሩ ድራፍት ቀጂዎች ይህን በልምድ ያውቁታል፤ ሙያቸው ለክራፍት ቢራ እንዳለ የሚተላለፍ ሀብት ነው።

ብቅሉ ደግሞ ደጅ ላይ አለ ማለት ይቻላል። ከአሰላው የብቅል ፋብሪካ በተጨማሪ የፈረንሳዩ ሱፍሌ በዚሁ በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ፣ ቦርትማልት ደግሞ በደብረ ብርሃን የብቅል ፋብሪካ ከፍተዋል። ገብሱ የሚመጣው ከአርሲ፣ ከባሌና ከሰሜን ሸዋ ደጋ ነው። የገብሱ ታሪክ ራሱ ከዚህ ጉዳይ ጋር የተሳሰረ ነው። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያን ዞሮ የገብሷን ብዝኃነት አድንቆ መዝግቧል። በ1930ዎቹ መጨረሻ በጀርመን ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ የተሰበሰበ አገረሰብ ገብስ ሚልዲው የሚባለውን የቅጠል በሽታ የሚቋቋም ዘረመል ይዞ ተገኘ፤ ኤምኤልኦ-11 ተብሎ የሚታወቀው ይህ ዘረመል ዛሬ በብዙ የአውሮፓ የቢራ ገብስ ዝርያዎች ውስጥ አለ። በለንደን ወይም በበርሊን የሚጠመቅ ክራፍት ቢራ ብዙ ጊዜ የኢትዮጵያ ገበሬ ያቆየውን ውርስ ተሸክሟል። ያ ውርስ በተገኘበት አገር የገብሱን ልዩ ልዩ ቃና ለጠጪ የሚያቀርብ ጠማቂ አለመብዛቱ የሚያስቆጭ ነው። የአገር ውስጥ ብቅል ፋብሪካዎች ግን በአብዛኛው የሚሠሩት ለላገር የሚሆነውን ቀላል ብቅል በብዙ ቶን ነው። የካራሜልና የተቆላ ብቅል በጥቂት ኩንታል የሚፈልግ ትንሽ ጠማቂ ወይ ከውጭ ማስገባት ወይ ራሱ መቁላት ይኖርበታል። መቁላቱ ደግሞ ለአሻሮ ባለሙያ አገር የማይቻል አይደለም።

ከባዱ ሆፕስ ነው። ተክሉ አድጎ በደንብ ለማፍራት የበጋ ረጅም ቀን ይሻል፤ በዋናነት የሚለማውም ከምድር ወገብ ከ35 እስከ 55 ዲግሪ በሚርቁ አገሮች ነው። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ቀኗ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ሆፕሱ በውጭ ምንዛሪ ይመጣል፤ አይፒኤ ደግሞ ከላገር ብዙ እጥፍ ሆፕስ ይበላል። ጌሾን በከፊል መተኪያ ማድረግ የሚለው ሐሳብ የሚነሳው ከዚህ ነው። ጌሾ ምሬት አለው፤ የሆፕሱ የሎሚና የጥድ ሽታ ግን የለውም፤ የምሬቱም ጠባይ ሌላ ነው። አይፒኤ ለማስመሰል ከመድከም የራሱን የቢራ ዓይነት ቢፈጥር ይሻላል፤ ጠቆር ካለ ብቅልና ከትንሽ ማር ጋር ሲዋሃድ ይበልጥ ያምርበታል። ግሉተን የሌለው ጤፍም ሌላ መንገድ ይከፍታል። በደቡብ አፍሪካ ጠማቂዋ አፒዌ ንሹሳኒ-ማዌላ ማሽላን በዘመናዊ ክራፍት ቢራ ውስጥ በማስገባት የአገር እህል ለዚህ ሥራ እንደሚሆን አሳይታለች።

በሌላው ዓለም ክራፍት ቢራ ያደገው ሕግ ሲፈታለት ነው። አሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 መጠጥ ከከለከለች በኋላ የጠመቃ ፋብሪካዎቿ እየተዋዋጡ ሄደው በ1970ዎቹ መጨረሻ ከ100 በታች ቀርተው ነበር። በ1976 ኮንግረሱ ለትንንሽ ጠማቂዎች የኤክሳይስ ታክሱን በበርሜል ከ9 ወደ 7 ዶላር ዝቅ አደረገ፤ በዚያው ዓመት ጃክ ማክኦሊፍ ካሊፎርኒያ ውስጥ ኒው አልቢዮንን መሠረተ። በ1978 ፕሬዚዳንት ካርተር የቤት ውስጥ ጠመቃን የሚፈቅደውን ሕግ ፈረሙ፤ ከቤት ጠማቂዎቹ መካከል ብዙዎቹ የኋላ ባለፋብሪካዎች ሆኑ። ብሪታንያም በ2002 ለአነስተኛ ጠማቂዎች የታክስ ቅናሽ ሰጠች። በኢትዮጵያ የቤት ጠመቃን የከለከለ የለም፤ ጠላ በየመንደሩ ይጠመቃል። ከጠላ ቤት ወደ ፈቃድ ያለው ትንሽ ቢራ ቤት የሚያሸጋግረው ደረጃ ነው የጎደለው።

ገበያውን በተመለከተ፣ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የአልኮል ማስታወቂያን አጥብቆ ገድቧል፤ አልኮል ሊሸጥለት የሚችለውንም ሰው ዕድሜ 21 አድርጓል። ይህ ለትንሽ ጠማቂ ከጉዳቱ ጥቅሙ ሳይበልጥ አይቀርም። ቀድሞም የማስታወቂያ ገንዘብ ያልነበረው ሰው አሁን ከትልልቆቹ ጋር በአንድ ሜዳ ላይ ቆሟል፤ የሚሸጠውም ቀምሶ በወደደ ሰው አፍ ነው። ዋጋው ግን ከጠርሙስ ላገር መብለጡ አይቀርም፤ ብቅሉ ይበዛል፣ ሆፕሱ ከውጭ ይመጣል፣ ጉልበቱም በሊትር ሲሰላ ውድ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ የቦታ ነው። ያልተጣራና ያልተፓስቸረ ቢራ በበርሜሉ ሳይቀዘቅዝ ከቆየ በቀናት ውስጥ ይለወጣል፤ በቅዝቃዜም ቢሆን ዕድሜው የሳምንታት ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ረጅም መንገድ ማጓጓዝ አያዋጣም፤ እዚያው በተጠመቀበት ቤት ወይም በጥቂት ኪሎ ሜትር ዙሪያ መጠጣት አለበት። ሲኤምሲ፣ ሰሚትና አያት የሚመቹት እዚህ ላይ ነው። የግል ቪላው፣ የኮንዶሚኒየሙ ነዋሪ፣ ከውጭ ተመልሶ ሌላ ዓይነት ቢራ የቀመሰው ሰው፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ አያትን ከመሀል ከተማው ያገናኘው ባቡር፣ ለሥጋ ቤትና ለድራፍት የለመደው ሰፊ ግቢ፣ ሁሉም በአንድ መስመር ላይ ናቸው። እንደ ቢር ጋርደን ያለ ቤት ጥቂት መቶ ሊትር በሚይዙ ታንኮች በሳምንት የሚሸጠውን ያህል ብቻ ጠምቆ፣ ጀኔሬተሩን ለመፍያ ክፍሉና ለበርሜል ማቀዝቀዣው ብቻ አስነስቶ ሊሠራ ይችላል።